የማርክ መዝገባችን ያለበት ሰርቨር እንዴት ይታደሳል?

በሪከርድ ክፍላችን ጥግ፣ ከፋይል ካቢኔቶቹ ጎን፣ ቀንም ሌሊትም የማይጠፋ አንድ ኮምፒውተር አለ። ተማሪዎቻችን «ሰርቨሩ» ሲባል ይሰማሉ እንጂ አብዛኞቹ አይተውት አያውቁም። መምህራን ማርክ የሚያስገቡት፣ የክፍል ኃላፊዎች ሮስተር የሚያወጡት፣ ሪከርድ ክፍል ትራንስክሪፕት የሚያትመው በእሱ ነው። የእኛ ተማሪዎች ደግሞ አንድ ቦታ የሚረጉ አይደሉም። አንዱ ቤተሰብ ሁለት ዓመት ጅቡቲ ኖሮ ወደ አዲስ አበባ ይመለሳል፤ ሌላው ወደ ካናዳ ወይም ወደ ስዊድን ያልፋል። በመንገድ ላይ ሻንጣ ይጠፋል፣ ሰርተፊኬት ውኃ ይነካዋል። ከዓመታት በኋላ ያ ልጅ 7ኛና 8ኛ ክፍልን የት እንደተማረ የሚመሰክርለት እዚህ ያለው መዝገብ ብቻ ሊሆን ይችላል።

በ2017 ዓ.ም. ትምህርት ሲዘጋ የዚህን ሰርቨር ኦፐሬቲንግ ሲስተም ወደ አዲስ ስሪት አድሰናል። ሐሳቡ ለወላጅ ኮሚቴ ሲቀርብ መጀመሪያ የተነሣው ጥያቄ «የሚሠራን ነገር ለምን ትነካካላችሁ?» የሚል ነበር። ከአይሲቲ ክበብ የ11ኛ ክፍል ተማሪዎች ደግሞ «ሥራ ሳይበላሽ እንዴት ይቻላል?» ብለው ጠይቀውናል። ለሁለቱም የሚሆን መልስ በዚህ ዓመት መጽሔት እንዲወጣ የፈለግነው፣ ጉዳዩ የአንድ ቴክኒሺያን ጉዳይ ብቻ ስላልሆነ ነው።

ኦፐሬቲንግ ሲስተም የትምህርት ቤት ጥበቃና ንብረት ክፍል አንድ ላይ ቢሆኑ እንደማለት ነው። ማን ይግባ፣ ማን አይግባ የሚለውን ይወስናል፤ ለእያንዳንዱ ፕሮግራምም የሚያስፈልገውን ቦታ ቆጥሮ ይሰጣል። የማርክ ፕሮግራሙ «ይህን ውጤት ልመዝግብ» ሲል ዲስኩን የሚከፍትለት እሱ ነው። በእኛ ሰርቨር ላይ ያለው ኡቡንቱ ይባላል፤ የሊኑክስ ቤተሰብ ሲሆን በነጻ ይገኛል። ኡቡንቱ በየሁለት ዓመቱ በኤፕሪል ወር ለረጅም ጊዜ የሚደገፍ ስሪት ያወጣል፤ ቁጥሩም የወጣበትን ዓመትና ወር ይናገራል። 20.04 ማለት በ2020 እ.ኤ.አ. በአራተኛው ወር የወጣ ማለት ነው። መደበኛ ድጋፉ ለ5 ዓመት ይቆያል። ድጋፍ ማለት ደግሞ በሲስተሙ ላይ የደኅንነት ቀዳዳ በተገኘ ቁጥር መድፈኛው ይላካል ማለት ነው። የእኛው 20.04 ጊዜው በግንቦት 2017 ዓ.ም. አበቃ። በልዩ ምዝገባ ዓመታት መጨመር ይቻላል፤ ነገር ግን ይህ ሥራውን ለሚቀጥለው ርእሰ መምህር ማስተላለፍ እንጂ መጨረስ አይደለም።

ጊዜው ባለቀ ማግስት ሰርቨሩ ሥራ አያቆምም። አሳሳቹም ነገር ይኸው ነው፤ ምንም የተለወጠ አይመስልም። አዲስ ቀዳዳ ሲገኝ ግን ሌባው ይሰማል፣ መድፈኛው አይመጣም። በመጋቢት 2009 ዓ.ም. ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ አንድ መድፈኛ አውጥቶ ነበር። ሁለት ወር ሳይሞላ፣ ግንቦት 4 ቀን፣ ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ በዚያው ቀዳዳ ገብቶ በ150 ገደማ አገሮች ከ200,000 በላይ ኮምፒውተሮችን ፋይል ቆለፈ፤ ለመክፈቻም ገንዘብ ጠየቀ። በእንግሊዝ አገር የመንግሥት ሆስፒታሎች ቀጠሮ ሰረዙ፤ አምቡላንሶች ወደ ሌላ ሆስፒታል እንዲዞሩ ተደረገ። መድፈኛውን በጊዜው የጫኑት አልተነኩም። ድጋፋቸው ካበቃ የቆየ እንደ ዊንዶውስ ኤክስፒ ያሉት ግን መድፈኛው በይፋ የተለቀቀላቸው ጥቃቱ ከተጀመረ በኋላ ነው።

«የእኛ ሰርቨር ከውጭ አይታይም፣ ማን ያገኘዋል?» የሚል ይኖራል። ዋናክራይ አንድ ማሽን ከያዘ በኋላ በውስጥ ኔትወርክ፣ ማንም ምንም ሳይጫን፣ ወደ ጎረቤቱ ይሻገር ነበር። የእኛ የኮምፒውተር ላብራቶሪና ሰርቨሩ ያሉት በአንድ ኔትወርክ ላይ ነው፤ ላብራቶሪው ውስጥ በቀን ስንት ፍላሽ እንደሚሰካ ተማሪዎቻችን ከእኛ በላይ ያውቃሉ።

እንግዲህ አለማደስ አደጋ ነው። ማደስም የራሱ አደጋ አለው፤ ልዩነቱ የማደሱን አደጋ አስቀድሞ መቀነስ መቻሉ ነው። ትእዛዙን መስጠት የደቂቃ ሥራ ነው። ከባዱ፣ ነገሩ ባይሳካ ወደነበርንበት መመለስ እንደምንችል ከዚያ በፊት ማረጋገጥ ነው። እኛም ከጠቅላላው ጊዜያችን አብዛኛውን ያዋልነው በዚህ ላይ ነው።

ባክአፕ አለን የማይል መሥሪያ ቤት የለም። ጥያቄው ባክአፑ ተከፍቶ ታይቷል ወይ የሚለው ነው። ጊትላብ የተባለው፣ ፕሮግራም ጸሐፊዎች ሥራቸውን የሚያስቀምጡበት ትልቅ ኩባንያ፣ በጃንዋሪ 31 ቀን 2017 እ.ኤ.አ. የደረሰበትን በግልጽ ለሕዝብ ጽፏል። አንድ ባለሙያ ሌሊት ችግር ሲያስተካክል፣ በተጠባባቂው ሰርቨር ላይ ያለ መስሎት በዋናው ላይ ያለውን ዳታ አጠፋ። 300 ጊጋባይት ከሚሆነው ሲያስቆመው የተረፈው 4.5 ጊጋባይት ገደማ ነበር። ባክአፑ ሲፈለግ ባዶ ሆኖ ተገኘ። ምክንያቱ ከእኛ ርእስ ጋር ይገናኛል፤ ዳታቤዙ ወደ 9.6 ስሪት አድጎ ሳለ ባክአፕ የሚወስደው ፕሮግራም የአሮጌውን የ9.2 መሣሪያ ይጠቀም ነበር። በየዕለቱ ይሞክራል፣ በየዕለቱ ይከሽፋል። ክሽፈቱን የሚያሳውቀው ኢሜይልም ተቀባዩ ጋ ሳይደርስ ውድቅ ይደረግ ነበር። ያዳናቸው ከ6 ሰዓት ገደማ በፊት አንድ ሠራተኛ ለሌላ ጉዳይ በእጁ የወሰደው ቅጂ ነው። ይህን ታሪክ ለሪከርድ ክፍል ሠራተኞቻችን ስንነግራቸው አንዷ «እኛ እኮ ከካቢኔው ውስጥ ፋይሉ መኖሩን ሳናይ ቁልፉን ብቻ ስንጠብቅ እንደኖርን ማለት ነው» አለች። ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ አላገኘንም።

ስለዚህ ባክአፑን በሁለት መልክ አስወሰድን። አንደኛው የዳታቤዙ ቅጂ ነው፤ ማርኩ፣ ስሙ፣ የትውልድ ዘመኑ በሙሉ ያለበት። ሁለተኛው የመላው ዲስክ ቅጂ ነው፤ ሲስተሙም፣ ፕሮግራሙም፣ ቅንብሩም እንዳለ የሚቀዳበት። የመጀመሪያው ዳታውን ያድናል፤ ሁለተኛው ጊዜን ያድናል፣ ምክንያቱም ሰርቨሩን ከዜሮ መገንባት ሳያስፈልግ እንደነበረ መመለስ ያስችላል። አንዱ ሃርድ ዲስክ ከሪከርድ ክፍል ውጭ፣ በሌላ ሕንፃ በተቆለፈ ቦታ ተቀመጠ። እሳትም ሆነ ሌባ ክፍሉን ቢያገኘው ሁለቱን አብሮ እንዳያገኝ ነው።

ቀጥሎ ከላብራቶሪ አንድ ኮምፒውተር ተወሰደና የዲስኩ ቅጂ በእሱ ላይ ተመለሰ። ከውስጥ ኔትወርኩ ተለይቶ፣ ብቻውን እንዲሠራ ተደረገ። እድሳቱም መጀመሪያ የተሞከረው በዚህ መንታ ማሽን ላይ ነው። እዚህ ላይ በሰፊው ብንናገር አንባቢ ይታገሠን፤ አብዛኛው ጽሑፍ ቸል የሚለው ይህን ነውና።

የማርክ ፕሮግራማችን የተጻፈው ፒኤችፒ በተባለ ቋንቋ ነው። ኡቡንቱ 20.04 ይዞት የሚመጣው ፒኤችፒ 7.4 ነው፤ 22.04 ላይ 8.1፣ 24.04 ላይ ደግሞ 8.3 ይሆናል። ሲስተሙን ስናድስ ቋንቋውም አብሮ ይታደሳል፤ ቋንቋው ከ7 ወደ 8 ሲሻገር ደግሞ አንዳንድ ሕጎቹን ለውጧል። አንዱን እንውሰድ። ዜሮ ቁጥርና ባዶ ጽሑፍ እኩል ናቸው ወይ ተብሎ ሲጠየቅ ፒኤችፒ 7 «አዎ» ይላል፤ 8 «አይደሉም» ይላል። ለሰሚው ቀላል ነገር ነው። በሮስተር ላይ ግን ባዶ ሣጥን ማለት ያልተፈተነ ተማሪ ነው፤ ዜሮ ማለት ተፈትኖ ምንም ያላገኘ ነው። ፕሮግራሙ ውስጥ «ማርኩ ከዜሮ ጋር እኩል ከሆነ ውጤቱ ይያዝ» የሚል መስመር ቢኖር፣ በአሮጌው ቋንቋ ባዶውም አብሮ ይያዛል። በአዲሱ ባዶው ሾልኮ ያልፋል፤ ላልተፈተነው ልጅ ካርድ ይታተምለታል። ማሽኑ አይጮህም፤ ቀይ ጽሑፍ አይወጣም። ሁሉም ነገር በትክክል የሚሠራ ይመስላል።

እንዲህ ያለውን ነገር የሚያገኘው ቴክኒሺያን ሳይሆን ወረቀት ነው። ከካቢኔው ውስጥ ፊርማና ማኅተም ያለባቸው የቀድሞ ዓመታት ሮስተሮች ወጡ፤ ሆን ተብሎም ያልተፈተኑ፣ በመሐል የተዛወሩና የደገሙ ተማሪዎች ያሉባቸው ክፍሎች ተመረጡ። ያው ሮስተር ከመንታው ማሽን ታተመ። ሁለት መምህራን ጎን ለጎን ተቀምጠው አንዱ እያነበበ፣ ሌላው ማስመሪያ እያስኬደ ቁጥር በቁጥር አስተያዩት። ከላይ የገለጽነውን ዓይነት መስመር በሁለት ቦታ የያዙት በዚህ መንገድ ነው። ሁለቱም በመንታው ማሽን ላይ እንዳሉ ተስተካከሉ። በተጨማሪ ትራንስክሪፕቱ ሲታተም የግዕዝ ፊደላቱ በትክክል መውጣታቸው ታየ። ፕሮግራሙ የሚፈልገው ፎንት በአዲሱ ሲስተም ላይ ከሌለ በ«ዓለሙ» ቦታ ባዶ ሣጥኖች ይደረደራሉ፤ ይህን ደግሞ ተማሪው ኤምባሲ ደጃፍ ላይ ሆኖ እንዲያየው አንፈልግም።

ከ20.04 በቀጥታ ወደ 24.04 መዝለል አይቻልም። የኡቡንቱ የእድሳት መንገድ ከአንዱ የረጅም ጊዜ ስሪት ወደሚቀጥለው ብቻ ነው የተዘጋጀው፤ ስለዚህ መጀመሪያ 22.04፣ ከዚያ 24.04። በመካከል ቆም ብሎ ሁሉ ነገር መሥራቱን ማየት ያስፈልጋል። ቸኩሎ ሁለተኛውን ደረጃ የጀመረ ሰው፣ ችግር ሲመጣ ከየትኛው እንደመጣ መለየት ይቸግረዋል። ከመጀመሩ በፊት የድሮው ሲስተም የመጨረሻ ማስተካከያዎች ሁሉ መጫን አለባቸው፤ በዲስኩም ላይ በቂ ባዶ ቦታ መኖር አለበት። በተለይ ማሽኑ ሲነሣ የሚጠቀምበት «ቡት» የሚባለው ትንሽ ክፍል በአሮጌ ከርነሎች ሞልቶ እድሳቱን የሚያሰናክልበት ጊዜ ብዙ ነው። ከኡቡንቱ ውጭ ከሌላ ምንጭ የተጫኑ ፕሮግራሞች ካሉ ደግሞ ምንጮቻቸው በእድሳቱ ወቅት ይዘጋሉ፤ በኋላ አንድ በአንድ እያዩ መክፈት የባለቤቱ ሥራ ነው።

ቀን መምረጥ በጅቡቲ የራሱ ጣጣ አለው። ለትምህርት ቤት ሥራ የሚመቸው ሐምሌ ነው፤ ካርድ ተሰጥቶ አልቋል፣ ምዝገባ ገና ነው። ነገር ግን ያ ወቅት ካምሲን የሚነፍስበት፣ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ የሚያልፍበት ነው። መብራት ቢጠፋ ዩፒኤሱ ሰርቨሩን ያቆየዋል፤ ኤሲውን ግን አያቆየውም። ሰው ሁሉ የባትሪውን ደቂቃ ይቆጥራል፤ በእኛ ከተማ ግን ከባትሪው ቀድሞ የሚያልቀው የክፍሉ ቅዝቃዜ ሊሆን ይችላል። እድሳት ደግሞ በመሐል የሚቋረጥ ሥራ አይደለም። አዲሶቹን ፋይሎች ከኢንተርኔት ሲያወርድ መስመር ቢቋረጥ ጉዳቱ ትንሽ ነው፣ እንደገና ይጀመራል። አሮጌውን እያነሣ አዲሱን በሚተካበት ሰዓት ኃይል ቢጠፋ ግን ግማሹ አሮጌ፣ ግማሹ አዲስ የሆነ ማሽን ይቀራል። ስለዚህ ለዕለቱ ጄኔሬተር ተዘጋጅቶ ኤሲውም ከእሱ ጋር ተያያዘ፤ ሥራው ዓርብ ዕለት በ12 ሰዓት ንጋት ላይ፣ ፀሐይ ሳትበረታ ተጀመረ።

በዋዜማው ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ማርክ ማስገባትና ማረም ለሁሉም ተዘጋ። ይህ ካልሆነ የመጨረሻው ባክአፕ ከተወሰደ በኋላ የገባ እርማት ያለ ምስክር ይጠፋል። አስቸኳይ ጥያቄ የመጣ እንደሆነ በወረቀት ቅጽ እንዲመዘገብ ተደረገና የመጨረሻው ቅጂ ተወሰደ። እድሳቱን ከቤት ሆኖ በርቀት መሥራትም ይቻላል፤ ለዚያ መስመሩ ቢቋረጥ እንኳ ሥራውን የሚያስቀጥል «ስክሪን» የሚባል መሣሪያ አለ። እኛ ግን ማሽኑ ፊት መቀመጥን መረጥን። እዚያው ሕንፃ ውስጥ ላለ ማሽን ሌላ መንገድ መፈለግ አይታየንም።

በሂደቱ ውስጥ ሲስተሙ ሰውን የሚጠይቅባቸው ጊዜዎች አሉ። አንድ የቅንብር ፋይል ቀድሞ በእጃችን የተለወጠ ከሆነ «የእናንተን ላቆይ ወይስ ከአዲሱ ስሪት ጋር የመጣውን ላስገባ?» ይላል። ሳያነቡ ሁልጊዜ አንዱን መምረጥ ያስቸግራል። የራስን ሁልጊዜ ማቆየት አዲሱ ስሪት የማይቀበለውን አሮጌ መመሪያ ይዞ ሊሄድ ይችላል፤ አዲሱን ሁልጊዜ መቀበል ለዓመታት የተስተካከለውን ያጠፋል። ልዩነቱን አሳየኝ የሚል ምርጫም ስላለ መጀመሪያ ያንን ማየት ነው። መንታው ማሽን እዚህም ጠቅሞናል፤ ጥያቄዎቹ ምን እንደሆኑ አስቀድመን ስላወቅን መልሶቻቸው በአንድ ገጽ ላይ ተጽፈው ጠረጴዛው ላይ ነበሩ።

ከሁሉ በላይ አስፈላጊ ሆኖ ያገኘነው ግን ከኮምፒውተር ጋር የማይገናኝ ነው። እሱም የመመለሻ ሰዓት ነው። በ9 ሰዓት ከቀትር በኋላ ሁሉም ፍተሻ ካላለፈ፣ ምንም ያህል የቀረበ ቢመስል፣ ቆሞ የዲስኩ ቅጂ ይመለስ ተብሎ ከአንድ ሳምንት በፊት በጽሑፍ ተወሰነ። ዲስኩን ለመመለስ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ ከመንታው ማሽን ስለታወቀ፣ 9 ሰዓት የተመረጠው ከመሸ በፊት መጨረስ እንዲቻል ነው። ውሳኔውም ለቴክኒሺያኑ ሳይሆን ለአስተዳደሩ ተሰጠ። ከንጋት ጀምሮ ስክሪን ላይ ያፈጠጠ ሰው «አንድ ነገር ብቻ ልሞክር» ማለቱ አይቀርም፤ ካፈርኩ አይመልሰኝ ይሆንና አንዱ ሙከራ ሌላውን እየወለደ ሌሊት ይሆናል። ጊትላብ ላይ የደረሰውም በደከመ ሰው እጅ፣ በሌሊት ነው። መመለስን እንደ ሽንፈት የማይቆጥር፣ የዕለቱን ድካም ያላየ ሰው ሰዓቱን መያዝ አለበት። በዕለቱ የመጀመሪያው ደረጃ ከረፋዱ ላይ፣ ሁለተኛው ከምሳ በኋላ አልቆ የመመለሻው ሰዓት አልተጠቀምንበትም፤ ቢሆንም ወረቀቱ ግድግዳው ላይ ተለጥፎ መኖሩ ክፍሉ ውስጥ የነበረውን ሰው ሁሉ አረጋግቶታል።

«አለቀ» የሚለው ቃል የሚባለው ማሽኑ ሲነሣ አይደለም። የሪከርድ ክፍል ኃላፊዋ በራሷ የይለፍ ቃል ገባች፤ አንድ የሙከራ ማርክ አስገብታ አጠፋች፤ ከየዓመቱ አንዳንድ ትራንስክሪፕት አትማ ከወረቀቱ ጋር አስተያየች። ከሌላ ክፍል ኮምፒውተር ሮስተር ተከፈተ። ቅዳሜ ጠዋት ደግሞ ሌሊቱን በራሱ መወሰድ የነበረበት ባክአፕ መወሰዱ ታየ። መወሰዱ ብቻ ሳይሆን ፋይሉ በመንታው ማሽን ላይ ተከፍቶ የተማሪ ስም መውጣቱ ጭምር። ከእድሳት ማግስት በዝምታ የሚቆመው ብዙ ጊዜ ይኸው ነው።

አሮጌው የዲስክ ቅጂ የ2018 ዓ.ም. የአንደኛ መንፈቅ ዓመት ካርድ እስኪሰጥ ድረስ ታሽጎ እንዲቆይ ተወስኗል፤ በሮስተር ላይ ያለ ስህተት የሚታየው ሮስተር ሲወጣ ነውና። የላብራቶሪው ኮምፒውተሮች ላይ ያለው ዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፉ በጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ስላበቃ እነሱም ተራ ይዘዋል፤ ለእነሱ ግን ይህ ሁሉ ጥንቃቄ አያስፈልግም፤ ላብራቶሪ ኮምፒውተር ቢበላሽ እንደገና ይጫናል፣ የማንም መዝገብ አብሮ አይጠፋም። የ24.04 መደበኛ ድጋፍ እስከ 2029 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት ያሉት የ11ኛ ክፍል ተማሪዎች መንታውን ማሽን የማዘጋጀቱን ሥራ ከመምህራቸው ጋር ሆነው እንዲለማመዱ የአይሲቲ ክበቡ በየዓመቱ አንድ ባክአፕ ከፍቶ እንዲያሳይ ተመድቧል።

የቀድሞ ተማሪዎቻችን የምትረዱን ነገር አለ። ከትምህርት ቤታችን የወሰዳችሁት፣ ማኅተም ያለበት አሮጌ ትራንስክሪፕት ወይም ካርድ በእጃችሁ ካለ ኮፒውን ለሪከርድ ክፍል ላኩልን። በሰርቨሩ ካለው ጋር እናስተያየዋለን፤ ልዩነት ከተገኘ በፋይላችሁ እናያይዘዋለን፣ ለእናንተም እናሳውቃለን።